ከመክፈታችሁ በፊት፦ ሰርቨራችሁን ከአደገኛ ዲሲሪያላይዜሽን የምትጠብቁበት አሠራር

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 መሥሪያ ቤቶች በራሳቸው ሰርቨር ላይ የሚያስኬዱት የማይክሮሶፍት የሰነድ ማጋሪያ ሲስተም፣ ሼርፖይንት፣ በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን ተሰበረ። ለተጋላጭነቱ የተሰጠው ቁጥር ሲቪኢ-2025-53770 ነው፤ የአደገኛነት ነጥቡ 9.8 ከ10። ማይክሮሶፍት ማሻሻያውን በቀናት ውስጥ አወጣ። ነገር ግን ማሻሻያውን ጭኖ እፎይ ያለ አስተዳዳሪ ገና አልዳነም ነበር። አጥቂዎቹ መጀመሪያ ሲገቡ ከዘረፉት ውስጥ ዋናው ሰርቨሩ ዳታውን የሚፈርምበት ቁልፍ ነበርና። ቁልፉ በእጃቸው እስካለ ድረስ፣ ቀዳዳው ከተደፈነም በኋላ፣ ሰርቨሩ «የራሴ ነው» ብሎ የሚቀበለውን ዳታ እያዘጋጁ መላክ ይችላሉ። ማይክሮሶፍትም ቁልፎቹ እንዲቀየሩና አይአይኤስ የሚባለው ዌብ ሰርቨሩ እንደገና እንዲነሳ ያሳሰበው ለዚህ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥቃት ሥሩ ሰርቨሩ ከውጭ የመጣ ዳታን አምኖ መክፈቱ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በፒኤችፒ፣ በፓይተን፣ በጃቫ ወይም በዶትኔት የተሠራ ሲስተም ተረክቦ ከየት እንደሚጀምር ግራ ለገባው ሰው ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አሠራሩን ካልተረዳችሁት ደረጃዎቹ ደረቅ ሕግ ይሆኑባችኋል፤ ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ። ፕሮግራም በሜሞሪው የያዘውን ኦብጀክት ፋይል ላይ ሊያስቀምጥ ወይም በኔትወርክ ሊልክ ሲፈልግ ወደ ተከታታይ ባይቶች ይቀይረዋል። ይህ ሲሪያላይዜሽን ነው። ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ እንጀራ ሲላክ ድርቆሽ ተደርጎ እንደሚታሸገው ማለት ነው። እዚያ ደርሶ ውኃ ሲነካው ፍርፍር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ዲሲሪያላይዜሽን ነው። እስከዚህ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው የፓይተኑ ፒክል፣ የጃቫና የፒኤችፒ የራሳቸው አሠራሮች ከድርቆሹ ጋር የአሠራሩንም ትእዛዝ አብረው ስለሚያሽጉ ነው። ጥቅሉ ራሱ ምን ዓይነት ክላስ ሆኖ መነሣት እንዳለበት ይናገራል፤ ሲከፈትም የዚያ ክላስ ኮድ ይሠራል።

ፒክል ላይ ነገሩ ፍንትው ብሎ ይታያል። የፒክል ፋይል ትንሽ ፕሮግራም ነው። ግሎባል የሚባለው ትእዛዝ አንድን ፈንክሽን በስሙ ጠርቶ ያመጣል፤ ሪድዩስ የሚባለው ደግሞ ያንን ፈንክሽን ያስኬደዋል። ላኪው የሲስተሙን ትእዛዝ ማስኬጃ ፈንክሽን ከጠራ ሰርቨሩ እሺ ብሎ ይፈጽማል። ጃቫ እንዲህ በቀጥታ አይጠራም፤ አጥቂው በሰርቨሩ ላይ ያሉ ክላሶችን እንደ ሰንሰለት እያያያዘ ወደሚፈልገው ትእዛዝ ይደርሳል። በ2015 የደኅንነት ተመራማሪዎቹ ክሪስ ፍሮሆፍና ገብርኤል ሎረንስ ይህን አሳዩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የታወቁት የጃቫ ሲስተሞች እነ ዌብሎጂክ፣ ዌብስፌር፣ ጄቦስና ጄንኪንስ በዚሁ መንገድ እንደሚሰበሩ በአደባባይ ወጣ። ሰንሰለቱ የተሠራው አፓቼ ኮመንስ ኮሌክሽንስ ከሚባል የተለመደ ላይብረሪ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ላይብረሪውን በኮዳችሁ አንድ ጊዜም አልጠራችሁት ይሆናል። በሰርቨሩ ላይ መገኘቱ ብቻ ይበቃል።

ሌላው ብዙ ጎበዝ ዴቨሎፐር የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ከከፈትኩት በኋላ ትክክለኛ ዓይነት መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ካልሆነ እጥለዋለሁ» ይላል። ጃቫ ላይ ሪድ ኦብጀክት ብላችሁ ውጤቱን «ትእዛዝ» ወደሚል ክላስ ስትቀይሩ፣ ዓይነቱ ካልገጠመ ክላስ ካስት ኤክሰፕሽን ይመጣል። ስሕተቱ ሎጋችሁ ላይ በተጻፈበት ቅጽበት ግን የአጥቂው ኮድ ሠርቶ ጨርሷል። ጉዳቱ የሚደርሰው በመክፈቱ ወቅት ነው፤ ማንኛውም ፍተሻ ከዚያ በፊት መምጣት አለበት። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ ይነሣሉ።

ደረጃ 1፦ ዳታ የሚከፈትባቸውን ቦታዎች ፈልጉ

የፕሮጀክቱን ኮድ በሙሉ በግሬፕ ወይም በኤዲተራችሁ ፈትሹ፤ እዚህ በፊደላችን የጻፍኳቸውን ስሞች በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ፈልጓቸው። ፒኤችፒ ከሆነ አንሲሪያላይዝ፤ ፓይተን ከሆነ ፒክል፣ ሼልቭ፣ ጆብሊብና ያምል ሎድ፤ ጃቫ ከሆነ ሪድ ኦብጀክት፣ ኤክስስትሪምና ስኔክያምል፤ ሩቢ ከሆነ ማርሻል ሎድ፤ ዶትኔት ከሆነ ባይነሪ ፎርማተርና ታይፕ ኔም ሃንድሊንግ የሚለው የጄሰን ማስተካከያ።

በራሳችሁ ኮድ ብቻ አትቁሙ። ፍሬምዎርኩ እናንተን ሳያማክር የሚከፍተው አለ። የፓይተኑ ፍሬምዎርክ ጃንጎ የሴሽን ዳታን ከ2013 ጀምሮ በነባሪነት በጄሰን ያስቀምጣል፤ ካሹን (ጊዜያዊ ማከማቻውን) ሬዲስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ካደረጋችሁት ግን እዚያ የሚገባው ዳታ ዛሬም ፒክል ነው። የፒኤችፒው ፍሬምዎርክ የላራቬል የሥራ ወረፋም በውስጡ በፒኤችፒ ሲሪያላይዝ የተደረገ ኦብጀክት ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀጥሎ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ተመልከቱ። ብራውዘራችሁ ላይ ኩኪዎቹን፣ የተደበቁ የፎርም መስኮችንና የኤፒአይ ጥያቄዎችን ክፈቱ። የጃቫ ሲሪያላይዝድ ዳታ ሁልጊዜ በኤሲ ኢዲ 00 05 ባይቶች ይጀምራል። በቤዝ64 ከተጻፈ መጀመሪያው ትንሿ አር፣ ትልቁ ኦ፣ ዜሮ፣ ትልቁ ኤ፣ ትልቁ ቢ ይሆናል። ይህን ኩኪ ውስጥ ካያችሁት የዚያን ቀን ሌላ ሥራችሁን አቁሙ።

የፒኤችፒው ደግሞ በዓይን ይነበባል። ትልቁ ኦ፣ ሁለት ነጥብ፣ ቁጥር፣ ከዚያ የክላስ ስም ካያችሁ ኦብጀክት ነው። የጽሑፍ ዳታ በትንሿ ኤስ ይጀምርና ርዝመቱ ይከተለዋል። የእኛን ፊደል ስታዩ ግን ቁጥሩ እንዳያደናግራችሁ፤ «አበበ» የሚለው ስም ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ 9 ተብሎ ይጻፋል። ፒኤችፒ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። የዎርድፕሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ የአማርኛ ጽሑፍ በእጁ ያረመ ሰው ገጹ የሚበላሽበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ቁጥሩና ጽሑፉ ሳይገጥሙ ሲቀሩ መክፈቱ ይከሽፋል።

ደረጃ 2፦ ማን እንደሚደርስበት ተከታተሉ

ያገኛችሁትን እያንዳንዱን ቦታ ወስዳችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ዳታው ከየት መጣ? እዚያ ቦታ ላይ መጻፍ የሚችለው ማነው? ከተጠቃሚ ኩኪ ወይም ከኤፒአይ ጥያቄ በቀጥታ የሚመጣ ከሆነ አሁኑኑ የሚዘጋ ነው።

የሚያዘናጉት «ውስጣዊ ናቸው» የሚባሉት ናቸው። ሬዲስ ውስጣዊ ነው ትላላችሁ፤ ፖርት 6379 ግን ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከላይ እንዳልኩት የጃንጎ ካሽ ፒክል ከሆነ፣ ሬዲስ ላይ መጻፍ የቻለ ሰው ጃንጎው ባለበት ሰርቨር ላይ ኮድ ማስኬድ ይችላል። የዌብሎጂክ ፖርት 7001 እና የጃቫ አርኤምአይ ፖርት 1099 ከውጭ የሚታዩ ከሆነም እንደዚያው። ከሌላ ማሽን ሆናችሁ ኤንማፕ በሚባለው የፖርት መፈተሻ የራሳችሁን ሰርቨር ስካን አድርጉ፤ ፋየርዎሉ ተዘግቷል የሚል ወሬ ማስረጃ አይደለም።

አሮጌ ፒኤችፒ ላይ ላላችሁ አንድ ስውር መንገድ ልጨምር። ከፒኤችፒ 8.0 በፊት አንድ ፋይል መኖሩን ብቻ የሚጠይቅ ፈንክሽን እንኳ፣ የፋይሉ አድራሻ ፋር በሚባለው ቅድመ ቅጥያ ከጀመረ፣ በፋይሉ ውስጥ የታሸገውን ዳታ ይከፍት ነበር። ተጠቃሚ ፎቶ የሚጭንበት ገጽ ካላችሁና የፋይሉን ስም ከጥያቄው የምትቀበሉ ከሆነ፣ አንሲሪያላይዝ የሚለውን ቃል በኮዳችሁ ሳትጽፉ ተጋልጣችኋል። መድኃኒቱ ቨርዥን ማሳደግ ነው።

ደረጃ 3፦ በተራ ዳታ ተኩ

ከሁሉ የሚሻለው የቋንቋውን የራሱን ሲሪያላይዜሽን ትቶ ወደ ጄሰን መሄድ ነው። ጄሰን ስም፣ ቁጥር፣ ዝርዝር ይይዛል፤ ክላስ አይመርጥም። ኦብጀክቱን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፦ «ብዛት» የሚለው መስክ ቁጥር መሆኑን፣ «ስልክ» ጽሑፍ መሆኑን አይታችሁ፣ ያልጠበቃችሁትን መስክ ጥላችሁ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቢሆንም ከዚህ በኋላ ስለ ሰንሰለት መጨነቅ አይኖርባችሁም።

ጄሰንን ግን እንደ ክታብ አትንጠልጥሉት። ጃክሰን በሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ዲፎልት ታይፒንግ የሚለውን ካበራችሁ፣ ጄሰኑ ራሱ የክላስ ስም ይዞ መምጣት ይችላል፤ የወጣችሁበት ጉድጓድ ተመልሳችሁ ገባችሁ ማለት ነው። የዶትኔቱ ታይፕ ኔም ሃንድሊንግም እንዲሁ፤ በእንግሊዝኛ «ነን» (ምንም) ከሚለው ሌላ ነገር ላይ ካገኛችሁት ምክንያቱን ጠይቁ። ያምል ላይ ሁልጊዜ ሴፍ ሎድ የሚለውን ተጠቀሙ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የሪአክት ሰርቨር ኮምፖነንቶች ከብራውዘር የሚመጣውን ጥያቄ ሲከፍቱ ያለ ምንም መግቢያ ፈቃድ ኮድ የሚያስኬድ ተጋላጭነት ተገኘባቸው። ሲቪኢ-2025-55182 ይባላል፤ ነጥቡ 10 ከ10። በሪአክት ላይ የተሠራውን ኔክስት ጄኤስ 15ን ወይም 16ን የምትጠቀሙ፣ የተስተካከለውን ቨርዥን መጫናችሁን ዛሬውኑ አረጋግጡ።

የአማርኛ ንግግር ወይም ትርጉም ሞዴል የምትሠሩ ልጆችም ይህ ይመለከታችኋል። ከሃጊንግ ፌስ የምታወርዱት የቆየ የፓይቶርች ሞዴል በውስጡ ፒክል ነው። ሰርቨራችሁ ላይ ስትጭኑት ክብደቶቹን ብቻ ሳይሆን ሠሪው ያስቀመጠውን ትእዛዝ ሁሉ ትፈጽማላችሁ። ፓይቶርች 2.6 በጃንዋሪ 2025 ሲወጣ ክብደት ብቻ መጫንን ነባሪ አደረገ፤ ከዚያ በታች ያለውን ቨርዥን አትጠቀሙ። በዚያኛው ላይ ይህን ማስተካከያ ብታበሩትም እንኳ የሚያልፍበት ቀዳዳ ተገኝቶበታል። ሴፍቴንሰርስ የሚል ቅጂ ካለ እሱን አውርዱ። የምትጠራጠሩት የፒክል ፋይል ካለ ሳትከፍቱት ለማየት ፒክልቱልስ የሚባለው የፓይተን መሣሪያ አለ፤ ትእዛዞቹን ሳያስኬድ አንድ በአንድ ይዘረዝራቸዋል። የቁጥር ክብደት ብቻ መያዝ ያለበት ፋይል የሲስተም ትእዛዝ ሲጠራ ካያችሁ ሰርዙት።

ደረጃ 4፦ መተካት ካልቻላችሁ፣ የሚፈቀደውን ቁጠሩ

አሮጌ ሲስተም በአንድ ሌሊት አይቀየርም። እስከዚያው ድረስ እንዲከፈቱ የሚፈቀዱትን ክላሶች በስም ዘርዝሩ፤ የተቀረውን ሁሉ ከልክሉ። የተከለከሉትን ብቻ መዘርዘር አያዋጣም። በየጊዜው አዲስ ሰንሰለት ይገኛልና ሁልጊዜ ከኋላ ትሮጣላችሁ።

ጃቫ ላይ ይህን የሚሠራው ሲሪያል ፊልተር ነው፤ ከጃቫ 9 ጋር መጥቶ ወደ ጃቫ 8 ማሻሻያ 121ም ተመልሷል። የራሳችሁን ፓኬጆች ዘርዝራችሁ መጨረሻው ላይ !* ስትጨምሩ «ከእነዚህ ሌላ ማንም እንዳያልፍ» ማለት ነው። የጥልቀትና የባይት ወሰንም አብራችሁ አስቀምጡ። ይህ ፊልተር ግን የሚያገለግለው ለጃቫ የራሱ አሠራር ነው። ኤክስስትሪም ወይም ክራዮ የሚባሉት የሲሪያላይዜሽን ላይብረሪዎች ካላችሁ የየራሳቸውን ፊልተር ማብራት አለባችሁ። በነገራችን ላይ የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት የኢኩፋክስ ዝርፊያ በዲሲሪያላይዜሽን ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ አይደለም። ዝርፊያው በይፋ በተነገረበት በዚያው የሴፕቴምበር 2017 ሳምንት የጃቫ ፍሬምዎርኩ አፓቼ ስትራትስ በኤክስስትሪም የመጣ ሌላ ቀዳዳ ስለደፈነ ነው ሁለቱ የተምታቱት። ኢኩፋክስ የተሰበረው ቀደም ብሎ በማርች በታወቀው፣ ማሻሻያም በወጣለት ተጋላጭነት ነው።

ፒኤችፒ ላይ አንሲሪያላይዝ ከ7.0 ጀምሮ የሚፈቀዱ ክላሶችን የሚቀበል አማራጭ አለው፤ ኦብጀክት የማትጠብቁ ከሆነ «ፎልስ» አድርጉት። ፓይተን ላይ አንፒክለርን ወርሳችሁ ፋይንድ ክላስ የሚለውን ሜተድ በራሳችሁ ዝርዝር ተኩት። ዶትኔት ላይ ባይነሪ ፎርማተርን ለማጠር አትድከሙ፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በኖቬምበር 2024 ከዶትኔት 9 አውጥቶታል።

ከዚህ ጋር ማኅተም ጨምሩ። ዳታው ከሰርቨራችሁ ወጥቶ ወደ ሰርቨራችሁ የሚመለስ ከሆነ ስትልኩት በኤችማክ (በምስጢር ቁልፍ በሚሠራ ፊርማ) ፈርሙት፤ ሲመለስ መጀመሪያ ፊርማውን አወዳድሩ፣ ከገጠመ ብቻ ክፈቱ። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲቀበል ማኅተሙን አይቶ ነው የሚያስገባው፤ ይዘቱን ፈጽሞ ሲያበቃ ማኅተም አይፈልግም። ለማወዳደር ተራውን እኩል ይሆናል አትጠቀሙ፤ ፒኤችፒ ላይ ሃሽ ኢኩዋልስ፣ ፓይተን ላይ ኮምፔር ዳይጀስት አለ።

ደረጃ 5፦ ቁልፉን እንደ ቀዳዳው ቁጠሩት

ፊርማ የሚያድነው ቁልፉ ምስጢር እስከሆነ ድረስ ነው። በ2020 በማይክሮሶፍት የኢሜይል ሰርቨር በኤክስቼንጅ ላይ የተገኘው ሲቪኢ-2020-0688 የመጣው በየተከላው ቁልፉ አንድ ዓይነት ስለነበረ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት ከ3,000 በላይ የኤኤስፒ ዶትኔት ቁልፎች በአደባባይ ተበትነው እንዳገኘ አሳወቀ። ዴቨሎፐሮች ከምሳሌ ኮድ ላይ ቁልፍ ገልብጠው ወደ እውነተኛ ሰርቨር ይወስዳሉ።

ይህን በራሴ ሥራም አይቻለሁ። አንድ የላራቬል ሲስተም ስረከብ የምስጢር ቁልፎች የሚቀመጡበት ዶት ኢኤንቪ ፋይሉ በጊት ውስጥ አልነበረም፤ ደስ አለኝ። ታሪኩን ወደ ኋላ ስፈትሽ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ገብቶ በማግሥቱ «ተሰርዟል» በሚል ኮሚት ወጥቶ አገኘሁት። ጊት የሰረዙትን አይረሳም፤ የላራቬል ዋና ምስጢር ቁልፍ፣ አፕ ኪው፣ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ላራቬል ኩኪዎችን በነባሪነት አንሲሪያላይዝ ማድረግ ያቆመው በኦገስት 2018 ነው፤ ሴሽኑን በኩኪ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሲስተም ግን ዛሬም አፕ ኪው ካመለጠ የተጋለጠ ነው። የእኛው እንደዚያ ነበር። ቁልፉን የዚያኑ ምሽት ቀየርን።

ስትቀይሩ የሚከተሉትን አስቡ። ተጠቃሚዎች ሁሉ ከአካውንታቸው ይወጣሉ፤ ይሁን። በዳታቤዝ ውስጥ በዚያ ቁልፍ የተመሰጠሩ መስኮች ግን አይነበቡም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ባክአፕ ያዙ፣ ሲስተሙን ዝጉ፣ በአሮጌው ፈትታችሁ በአዲሱ እንደገና መስጥሩ። ከላራቬል 11 ጀምሮ የቀድሞ ቁልፎችን የሚያስቀምጥ ማስተካከያ አለ፤ ለመደበኛ ቅያሬ ጥሩ ነው። ቁልፉ ሾልኮ ከሆነ ግን አሮጌውን እዚያ አታስቀምጡ። ሲስተሙ በእሱ የተዘጋጀውንም ኩኪ መቀበሉን ስለሚቀጥል፣ ቀየርን ብላችሁ አልቀየራችሁም።

ሼርፖይንት ያላችሁም ማሺን ኪውን፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ ያነሣሁትን የፊርማ ቁልፍ፣ ከማሻሻያው በኋላ መቀየራችሁን ከመዝገብ አረጋግጡ፤ «ያኔ የነበረው ልጅ ሠርቶታል» በሚል አትለፉት።

ደረጃ 6፦ ቢገባም እንዳይስፋፋ

ሰርቨሩ በሩት (ሁሉ በተፈቀደለት ተጠቃሚ) አይሂድ፤ የራሱ፣ ምንም ትርፍ ፈቃድ የሌለው ተጠቃሚ ይኑረው። ወደ ውጭ የሚወጣውን ግንኙነት ገድቡ። ብዙ ጥቃት ተጨማሪ ፋይል ከውጭ ሊያወርድ ስለሚሞክር እዚያ ላይ ይቆማል። ሎጋችሁ ላይ ድንገት የበዛ ክላስ ካስት ኤክሰፕሽን፣ የማታውቁት ክላስ ስም፣ ወይም ዌብ ሰርቨሩ የወለደው የሼል ፕሮሰስ ካያችሁ ማሽኑን ከኔትወርክ አውጡት፤ ለምርመራ ስለሚያስፈልግ ግን አታጥፉት።

ደረጃ 7፦ መዘጋቱን በራሳችሁ ሞክሩ

ሙከራው የሚሠራው በራሳችሁ ሲስተም ላይ፣ ያውም በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ ነው። አደገኛ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ሲከፈት «ተከፍቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ሎግ ላይ ከመጻፍ ሌላ ሥራ የሌለው ትንሽ ክላስ ጻፉ፣ ሲሪያላይዝ አድርጉት፣ በደረጃ 2 ባገኛችሁት መንገድ ሁሉ ላኩት፦ በኩኪው፣ በኤፒአዩ፣ በካሹ፣ በወረፋው። ከዚያ ሎጉን ክፈቱ። ማየት ያለባችሁ ፊልተሩ ወይም ፊርማው የከለከለበትን መዝገብ ነው፤ «ተከፍቻለሁ» የሚለው ቃል የትም መገኘት የለበትም።

ሙከራውን ጨርሳችሁ አትጣሉት። ኮድ በተቀየረ ቁጥር በራሱ ከሚሄደው ቴስት ጋር አስገቡት፤ ፓይተን ላይ ባንዲት የሚባለውን ስካነርም ጨምሩ፣ አዲስ ሰው መጥቶ ፒክልን መልሶ ሲያስገባ ይጮኽላችኋል። ያ መስመር አንድ ቦታ ላይ ከታየ ግን የትኛው መንገድ እንዳስገባው ጽፋችሁ ይዛችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።